በላይነሽ ብዬ የተጣራሁ ቀን

ልጅ እያለሁ ደባርቅ ውስጥ «በላይነሽ» ብሎ የተጣራ ሰው አንዲት ሴት ብቻ አትመጣለትም ነበር። በእኛ ሰፈር ጠላ ሻጯ በላይነሽ፣ ቀይዋ በላይነሽ፣ ከጃናሞራ የመጣችው በላይነሽ ነበሩ። ክፍላችን ውስጥ እንኳ ሁለት ስለነበሩ መምህራችን አንዷን ረጅሟ፣ ሌላዋን አጭሯ እያለ ይለያቸው ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴም በላይነሽ ናት። እኔ እቴቴ እላታለሁ፤ በስሟ የጠራኋት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ያን ቀን ቦኖ ውሃ ልቀዳ ተሰልፌያለሁ። የደባርቅ ጠዋት የጄሪካን እጀታ አያስነካም፤ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ሸጉጠን ጄሪካኑን በእግራችን እየገፋን ነበር ወደ ፊት የምንጠጋው። ከሴቶቹ ልብስ የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸታል። ተራዬ ሲደርስ አንድ ጎረምሳ ጄሪካኔን በእርግጫ ገፍቶ የራሱን አስቀመጠ። ተው ስለው «ማን አለሽና ነው?» አለኝ። እናት እንደሌለኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እቴቴ ከሰልፉ ጀርባ ወሬ ይዛለች። ደንግጬ «እቴቴ» የሚለው ቃል ጠፋኝና «በላይነሽ!» ብዬ ጮህኩ።

ግማሹ ሰልፍ ዞረ። ጠላ ሻጯ መጣች፣ ቀይዋም መጣች፣ የጃናሞራዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሸረጠች መጣች። እቴቴ የደረሰችው መጨረሻ ነው። ጎረምሳው ጄሪካኑን አንስቶ የሰልፉ ጭራ ላይ ሲቆም ቀይዋ «ማን እንዳላት አየህ አይደል፣ የኔ ጌታ?» አለችው። እቴቴ በስሟ በመጥራቴ አልተቆጣችኝም፤ እንዲያውም ስንት ዘመን ለመጣው እንግዳ ሁሉ እያወራች ስቃበታለች።

እቴቴ አልወለደችም። ከዓመታት በኋላ የወንድሜ ሚስት ስታረግዝ፣ ምስር እየለቀምን ሳለ ቀና ሳትል «ሴት ከሆነች እንግዲህ አንድ በላይነሽ ትተርፍ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንስታው አታውቅም። እኔ ግን አደራ ብዬ ያዝኩት።

ልጅቷ ተወለደች። ክርስትናዋ ሲቃረብ ቤተሰቡ ስም ለማውጣት ተሰበሰበ። ሕፃኗ እቴቴ እቅፍ ውስጥ ናት። እኔ ስሙን አነሳሁ። የወንድሜ ሚስት «ምነው፣ አሮጊት ወለድኩ እንዴ?» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እቴቴም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ያንጨረጨረኝ የሷ ሳቅ ነው።

ወንድሜ ስሙን ይዞ ነበር የመጣው፤ ሄቨን። በላይነሽ የፋራ ስም ነው፣ ትምህርት ቤት ይስቁባታል፣ ውጭ ብትሄድ ፈረንጅ መጥራት አይችልም አለ። ይህን የሚለው ሰውዬ አስጎብኚ ነው። ዓመቱን ሙሉ ተራራው ላይ ፈረንጅ ሰብስቦ «ጭላዳ» በሉ፣ «ዋልያ» በሉ ሲል ይውላል፤ እነሱም እስኪሆንላቸው ይታገላሉ። ለዝንጀሮ ስም የሚታገል ምላስ ለልጃችን ስም ይሰንፋል ብሎ ማን ነገረው? ሄቨን ምን ማለት ነው አልኩት፣ እያወቅሁ። ሰማይ ማለት ነው አለ።

«ሰማይስ የት ነው? በላይ አይደለም እንዴ?»

«ግጥምሽን እዛው» አለኝ። እነሱ እንደገና ሳቁ፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ተነስቼ ወጣሁ። ትንሽ ቆይታ እቴቴ ሕፃኗን ፀሐይ ልታሞቅ ወጣችና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቼ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል «ኤበን… ኤብን» ትላለች። ቀና ብላ አየችኝና «አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እንዴት ነው የሚባለው? ስጠራት እንዳይስቁብኝ» አለችኝ።

ቦኖው ዛሬም ቦታው ላይ አለ፤ ቧንቧ በየግቢው ስለገባ የሚሰለፍበት የለም። ጠላ ሻጯ ሞታለች፣ ቀይዋ ጎንደር ልጇ ጋ ገብታለች፣ የጃናሞራዋ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። ያኔ አንድ ጊዜ ብጮህ ግማሽ ሰልፍ ደርሶልኝ ነበር። አሁን የቀረችኝ አንዲት በላይነሽ ፊት ቁጢጥ ብዬ፣ የላይ ጥርስ የታች ከንፈር ላይ እንዴት እንደሚያርፍ አሳየኋት። ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ «ሄቨን» አለች፤ ፊቷ በራ።

ጎበዝ አልኳት፣ ጥርሴን ነክሼ።