ጭስ የምታሸት መኪና

የዛገና ገና ያልበረደ ብረት ላይ ነጭ ጋዝ ሲፈስበት የሚወጣ ሽታ አለ። ትናንት በአንድ ጋራዥ በር ሳልፍ እሱ ሸተተኝና ቆምሁ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የነበረው የመንግሥት ጋራዥ ድቅን አለብኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ እዚያ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከመካኒኮቹ መካከል ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። ዋናው መካኒክ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ሞተር አላስነኩኝም። አራት ወር ሙሉ ጎማ ስለጥፍ ከረምሁ።

አንድ የጥር ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ነጭ የክትባት መኪና ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ እየተንገጫገጨች ገባች። በእርዳታ ከውጭ የመጣች አዲስ ዓይነት መኪና ነበረች። ክትባቱን ይዛ የመጣችው ነርስ ሞተሩ እስኪጠፋ እንኳ ሳትጠብቅ ዘልላ ወረደች። ከሐይቁ ማዶ፣ ቆላ ድባ፣ ኩፍኝ ገብቶ ሕፃናት እየሞቱ ነበር።

«ጋሼ፣ የክትባቱ በረዶ ከነገ ቀትር አያልፍም» አለቻቸው ዋናውን መካኒክ።

ሌሎቹን መኪናዎች ዘመቻ ወስዷቸዋል። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ይቺ መኪና እንዲህ እየጠጣች መንገድ አጋማሽ ላይ ያለው እንፍራንዝም አትደርስ። ዋናው መካኒክ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ቀየሩ፣ አየር ማጣሪያውን አጸዱ። ጭሱ ያው ነው። እኔ ከመቀመጫው ሥር ያገኘሁትን የመኪናዋን መጽሐፍ ጥግ ይዤ ሳነብ ቆየሁና እንደምንም ደፈርሁ።

«ጋሼ፣ ጭስ ማውጫው ላይ ካንዴላ የሚመስል ነገር ተጠምዷል። የተበላሸው እሱ ይመስለኛል።»

«ጭስ ማውጫ ላይ ካንዴላ ምን ይሠራል? የተቃጠለን መልሶ ሊያቃጥል ነው?»

«ካንዴላስ አይደለም። ጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን እየለካ፣ ቤንዚን በዛ፣ አነሰ እያለ ለሞተሩ የሚነግር ነው። የእኛ ቤንዚን እርሳስ የሚባል ብረት አለበት፤ እሱ ሳይደፍነው አልቀረም።»

«መኪና አፍንጫ አወጣ በይኛ!»

ጋራዡ በሳቅ ሞላ። ነርሷ ግን አልሳቀችም። «ትሞክረው» አለች።

ከመኪናዋ ጋር በመጣው የመለዋወጫ ሣጥን ውስጥ አንድ አዲስ ነበር፤ ዋናው መካኒክ ካንዴላ መስሏቸው አልገጥም ሲል መልሰው የጣሉት። ይዤው መኪናዋ ሥር ገባሁ። ከሞተሩ የሚወርደውን ቧንቧ በእጄ ባትሪ ተከትዬ አገኘሁት፤ ዝገት ውጦታል። ነጭ ጋዝ አፈሰስሁበት። ብረቱ ከበረደ ዝገቱ ጨብጦ አይለቅምና መጠበቅ አልቻልሁም። ቁልፉን አስገብቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ስስበው አመለጠኝ፤ ቀኝ መዳፌ የጋለው ቧንቧ ላይ ተለጠፈ።

«ውጪ! ተቃጠልሽ!» አሉ ዋናው መካኒክ።

«ትንሽ ቀረኝ፣ ጋሼ!»

እንባዬ ወደ ጆሮዬ እየፈሰሰ ደግሜ ሳብሁት። ቀጭ ብሎ ለቀቀ። አዲሱን በግራ እጄ ቀስ ብዬ አጠመድሁ፣ ሽቦውን አገናኘሁ።

ሞተሩ ሲነሣ ግን ጥቁር ጭስ ወጣ። «እስኪሞቅ ነው፤ ሲሞቅ ነው የሚሠራ» አልሁ፤ ድምፄን እኔም አላመንሁትም። ደቂቃዎች አለፉ። ከዚያ መንገጫገጩ ቆመ፤ ድምፁ ለሰለሰ፤ ጭሱ ሳስቶ ሳስቶ ጠፋ። ዋናው መካኒክ ነጭ መሐረባቸውን አውጥተው ጭስ ማውጫው ላይ ያዙና ገልብጠው አዩት። ንጹሕ ነው። ወደ ላይ አንሥተው ለሁሉም አሳዩ።

«እሰይ! እሰይ የእኔ ልጅ!»

ነርሷ እልልታዋን አቀለጠችው። መኪናዋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስትወጣ ቁልፍና መዶሻ የያዘ ሁሉ በርሜል እየደበደበ ሸኛት። እንደዚያ ቀን ቁመቴ ረዝሞ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ ተመለሰች። ክትባቱ ሳይበላሽ ደርሶ ነበር። የቆላ ድባ እናቶች እሸት ሽምብራ በእቅፍ በእቅፍ ጭነውላታል። ዋናው መካኒክ ከሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ቀኝ እጄ በፋሻ ተጠቅልሏልና፣ ግሪስ ባጠቆረው ጣታቸው ሽምብራውን እየፈለፈሉ ግራ መዳፌ ላይ ያኖሩልኝ ጀመር።

«ጋሼ፣ እርስዎም ይብሉ እንጂ።»

«ብዪ፣ ብዪ። ነገ ሞተር የምታወርጂ አንቺ ነሽ።»

ከዓመታት በኋላ ሲያርፉ እኔ ሩቅ ነበርሁ፤ አልቀበርኋቸውም። ያን ዕለት ግን እቅፉን ሙሉ ፈልፍለው ጨረሱልኝ፤ ለራሳቸው አንዲት ፍሬ አልቀመሱም።