የእትዬ አያንቱ የገና ብረቶች

እትዬ አያንቱ በየማለዳው ከግቢያቸው ሲወጡ መጀመሪያ የደረጃውን የብረት መደገፊያ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። የእንጦጦ ብርድ ሌሊቱን በጤዛ ያርሰዋል። እየጠረጉ፣ እየተደገፉ ይወርዱና ታች ሲደርሱ ትንሽ ቆም ይላሉ። ከዚያ አስፋልቱ ዳር ወዳለው የሽንኩርትና የቲማቲም መደብራቸው ይሄዳሉ። እኔ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እነሱ ግቢ ተከራይቼ ከገባሁ ጀምሮ ይህን ሳላይ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

መደገፊያው የገና ስጦታ ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ኢቲቻ በያጅ ነበሩ። የሌላው ባል ለገና ቀሚስ ሲገዛ፣ እሳቸው ብረት ይዘው ይመጣሉ። በተጋቡበት ዓመት አልጋ ነበር።

«አልጋውንስ ለሁለታችንም ነው ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ እትዬ አያንቱ።

ቀጥሎ የመስኮት ፍርግርግ መጣ፤ ከዚያ ጎማ ያለው የአትክልት መደርደሪያ። ሰርክ የምትባል ጎረቤታቸው፣ «አያንቱ፣ ዘንድሮ ደግሞ ምንሽን ሊበይድልሽ ነው?» እያለች ትስቅባቸው ነበር። መደርደሪያው እስከ ዛሬ ይሠራል። የሰርክ ቀሚሶች የት እንደደረሱ ሰርክም አታውቅም።

አንድ ዓመት ግን ስጦታው ዘገየ። ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ገና በሃያ ዘጠኝ መሆኑ ቀርቶ ታኅሣሥ ሃያ ስምንት የሚውልበት። ጋሽ ኢቲቻ እንጦጦ ላይ የአንድ ግቢ በር ሲሠሩ እዚያው እያደሩ ሰንብተው፣ በበዓሉ ቀን አመሻሽ ላይ የብረት በርጩማ ተሸክመው ገቡ። ወጡ ሸተታቸው።

«በዋዜማ ዶሮ? ጾሙን ማን ፈታልሽ?»

«ጌታ ነዋ! ሌሊቱን ተወልዶ አደረ። አንተ ነህ ያልደረስከው።»

«ገና ነገ አይደለም እንዴ?»

«የራጉኤልን ደወል አልሰማህም?»

«ሰማሁ። ለሌላ ነገር መሰለኝ።» በርጩማውን አስቀመጡ። «እኔ ቆሎ ቆርጥሜ ነው የዋልኩት።»

እትዬ አያንቱ ይህን ሲነግሩኝ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

መደገፊያው የመጨረሻው ስጦታ ነው። የእትዬ አያንቱ ጉልበት መታመም ሲጀምር የጋሽ ኢቲቻ ዓይን ቀድሞ ደክሞ ነበር፤ በወጣትነታቸው ያለ መነጽር ብዙ በይደዋል። ሐኪሙ፣ ብየዳ ካልተዉ የቀረውም እንደሚጠፋ ነግሯቸዋል። ሚስታቸውም ለምነዋቸው ነበር። እሳቸው ግን እትዬ አያንቱ ሥራ በዋሉበት ቀን ቱቦላሬ ብረት አስመጥተው፣ በእጃቸው እየዳሰሱ ለክተው፣ በይደው ተከሉት። በዚያው ሳምንት የብየዳ ማሽናቸውን እንድርያስ ለሚባል በያጅ ሰጡ።

«ልመናዬን ሰማኝ» ይላሉ እትዬ አያንቱ።

ይህን ልጽፍ ስነሳ አንድ ነገር እንድተው ለመኑኝ። «እሱ ከሰማ ማሽኑን መልሶ ያመጣል። እልኸኛ ነው። ዓይኑን ልታጠፊብኝ ነው?» አሉ። እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ለጋሽ ኢቲቻ በረንዳ ላይ አነበብኩላቸው። «ጮክ በይ እንጂ» አሉኝ ደጋግመው። ስጨርስ እጃቸውን ወደ ደረጃው ዘረጉ።

«ታችኛውን ትተሽዋል።»

«የቱን ጋሼ?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ያንን ደረጃ በምን የምወርድ ይመስልሻል? በዓይኔ?» ሳቁ። «የተከልኩት ዕለት ዳስሼ አውቄዋለሁ። ማሽኑን የሰጠሁትስ ለምን ሆነና? እጄ ከሳተ በቃኝ አልኩ። የእሷም ልመና አለበት። ጻፊው።»

ወርጄ ለእትዬ አያንቱ ነገርኳቸው። ሽንኩርት መምረጣቸውን አቆሙ።

«ይኸን ሁሉ ጊዜ እያወቀ?»

«እያወቁ።»

«እኔ ደግሞ ሰርክን ሳይቀር አፏን አስይዤ!» ወደ ላይ፣ ወደ በረንዳው አዩ። «ካወቀማ ጻፊው።»

መደገፊያው የመጨረሻዋ ደረጃ ላይ አይደርስም። እትዬ አያንቱ እዚያ ቆም ይሉና ብረቱን ለቀው በባዶ እጃቸው ይወርዷታል።