ሦስቴ የጠበበ ቀሚስ

እናቴ አዲስ ልብስ ማሰፋት አትወድም ነበር። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ "ታድለሽ፣ ቆጣቢ እናት ነበረችሽ" ይለኛል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ አስብ ነበር። አሁን ግን ያን ቁጠባዋን ሳስታውስ እበግናለሁ።

እኔ ጨፋ ሮቢት አስተምራለሁ። እናቴ ከሚሴ ብቻዋን ትኖራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አያታለሁ። ረመዳን በገባ በሁለተኛው ሳምንት ለጉዳይ ባቲ ሄጄ ገበያው መሀል አንድ ጨርቅ አየሁ፤ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ጫፉ ላይ ቀጭን ወርቃማ ጥለት ያለው። ለኢድ ቀሚስ ይሆናታል ብዬ ገዛሁትና በዚያው ቅዳሜ ከሚሴ ይዤላት ገባሁ።

በመዳፏ ዳበሰችው። እንደወደደችው ከፊቷ አይቻለሁ። ከዚያ አጥፋ መለሰችልኝ።

"ላንቺ ይሁንሽ። እኔ ቀሚስ አለኝ" አለች።

"ያ ቡናማው? እሱን ነው ቀሚስ የምትይው?"

"ጨርቁ'ኮ ገና ነው። ትንሽ ነካ ነካ ካስደረግሁት አዲስ ማለት ነው።"

ነካ ነካ! ዓመቱን ሙሉ ነካ ነካ ስታስደርግ ነው የከረመችው። አሮጌ ቀሚስ ቢያስተካክሉት ያው አሮጌ ነው፤ አዲስ ግን ክሩ ሳይቀር ላንቺ ተብሎ ይቆረጣል፣ አንገቱን እንደምትወጂው፣ እጅጌውን እንደምትወጂው እያልኩ ተከራከርኳት። እሷም ያለውን ማስተካከል የማይችል ሰው አዲሱንም አያውቅበትም እያለች መለሰችልኝ። በአፍ አትቻልም። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ሳትሰማ አሰፋላታለሁ ብዬ ወሰንኩ።

እኛ ዘንድ ወንድ ልብስ ሰፊ የሴት ገላ አይለካም። ደንበኛዋ የሚስማማትን አንድ ቀሚስ ትልክለታለች፤ እሱ ሜትሩን የሚዘረጋው ቀሚሱ ላይ ነው። የእናቴ ሰፊ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሰፋላት አንድ ቀን ትከሻዋን ነክቶ አያውቅም፤ ግን የትኛው ትከሻዋ ዝቅ እንደሚል ያውቃል። ስለዚህ እሷ ሶላት ላይ ሳለች ቡናማውን ቀሚስ ከሚስማሩ አውርጄ በፌስታል ከተትኩና አዲሱን ጨርቅ ይዤ ገበያው አጠገብ ወዳለው በረንዳው ሄድኩ። ጺሙ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ጨርቁን ወደ ፀሐይ ይዞ አየው።

"ማሻአላህ፣ ጥሩ ጨርቅ ነው" አለኝ።

"በዚህ ቀሚስ ልክ ይስፉልኝ፤ ለእማ ነው" አልኩት።

ቡናማውን ቀሚስ ሲያይ እጁ ቆመ። ሜትሩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በዚህ ልክ አልቆርጥም።"

"ለምን?"

"ይሄ ልክ አይቆምም" አለና ቀሚሱን ገልብጦ በጎኑ በኩል ያለውን ስፌት አሳየኝ። ከውስጥ አራት መስመር ነበር። ዳር ያለው የድሮው ተፈቶ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ከእሱ ገባ ብሎ ሌላ፤ ከዚያም ሌላ፤ አሁን የያዘው ደግሞ ከሁሉም ገባ ያለው። በአንዱና በሌላው መካከል ሁለት ሁለት ጣት ያገባል። በሁለቱም ጎን።

"ካረፋ ወዲህ ሦስቴ አጠበብኩት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለአራተኛ ጊዜ ላመጣው ነው ብላ ሰው ላከችብኝ" አለኝ።

የተሰማኝን ልዋሽ አልፈልግም። ድንጋጤ አልነበረም መጀመሪያ የመጣው፤ ንዴት ነው። በእሱ ላይ።

"አንቱ ያውቁ ነበር ማለት ነው?"

"እኔ ምን ልሁን ልጄ? አደራ አለችኝ። ልጄ እንዳትሰማ፣ ትሰጋለች አለችኝ። የሴት ልብስ የያዘ ሰው አፉ ሰፊ ከሆነ ማን ይሰጠዋል?"

"ሰው እንዲህ እያለቀ ዝም ይባላል?"

"ዛሬ ነገርኩሽ'ኮ" አለ፤ ቀና ብሎም አላየኝም። በረንዳው ላይ ጮህኩበት። ሰው ዞር ዞር ብሎ አየኝ። ያን ሁሉ ጊዜ እናቴ ስትከሳ የከሳችውን እየቆረጠ፣ እየሰፋ፣ ተኩሶ አጣጥፎ ይመልስላታል! ሐኪም ቢሆን ይከሰስ ነበር።

ቤት ገብቼ ቀሚሱን ገልብጬ ፊቷ ዘረጋሁት። "ይሄ ምንድነው?" አልኳት።

አየችው። "ጾሙ ነው" አለች።

"ጾሙ ያረፋ ለት ነው እንዴ የገባው?"

"ዲሲ በቃ፣ ተይኝ።" ወደ ጓዳ ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆምኩባት። ሐኪም ቤት እንሂድ፣ ደሴ እንሂድ እያልኩ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። "አባትሽን ደሴ ወሰድነው፤ ምን አመጣን? ሬሳ" አለችኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጨመረች። "ደግሞ ምን ትጮሂብኛለሽ? አንቺ ራስሽ አምሮብሻል ስትይኝ አልነበር?"

ብያለሁ። ይህን መካድ አልችልም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ፣ ቡናማው ቀሚስ ወገቧ ላይ ልክክ ብሎ ሳየው፣ "እማ፣ ወጣት መሰልሽ'ኮ" ብያታለሁ። ሁለት ጊዜ። ስታፈጥር አንድ ጆግ ውሃ ብቻዋን ስትጨርስ አይቼም ጥማቱ የጾም ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ልብሱ ልኳ ስለነበር ውስጡ ያለችውን ሰው አላየኋትም። ከዚያ በኋላ በሰፊው ላይ የነበረኝ ንዴት ግማሹ ወደ እኔ ዞረ፤ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰበት።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ቡናማውን ቀሚስ ይዤ ተመልሼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። "አዲሱን በመጀመሪያው መስመር ይቁረጡልኝ" አልኩት። የመርፌ ቀዳዳው ብቻ በቀረው፣ ከመክሳቷ በፊት በነበረችበት ልክ።

"ይሰፋባታል" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ለኢድ ነው ያልሽኝ። ሰው መሀል ነው የምትቆመው።"

"እሱን ነው የምፈልገው" አልኩት። ሰው ይያት። አዲስ ይሰፋ ወይስ ያለው ይጥበብ የሚለው ክርክር እዚህ ደርሷል። ማጥበብ ምንም አይጠይቅም፤ ገላው ወደሄደበት ይከተላል። አዲስ ቀሚስ ግን ሲቆረጥ አንድ ሰው ልኩ ይሄ ነው ብሎ መናገር አለበት። እኔ ተናገርኩ። ሰፊው "እናትሽ ናት እንግዲህ" አለና ጠመኔውን አነሳ።

የኢድ ጠዋት ታጥባ ስትወጣ አዲሱን ቀሚስ ሰጠኋት። ጨርቁን ስታየው ፈገግ አለች፤ ተሸንፋልኝ መስሎኛል። ለበሰችው። አንገቱ ወደ አንድ ትከሻዋ ተንሸራተተ። ወገቡ ላይ ሌላ ሰው የሚያስገባ ቦታ ተረፈ። እጅጌው ጣቶቿ ድረስ ወረደ። መስታወት ፊት ቆማ ብዙ አየች፤ ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ እኔን አየችኝ። ገባት። ቡናማው ቀሚስ እዚያው ሚስማሩ ላይ ነበር፤ መቀየር ትችል ነበር። እኔም በልቤ ቀይሪው፣ በቃ ቀይሪው ማለት ጀምሬ ነበር።

"አላህ ይስጥሽ" አለችኝና ሻሿን አስተካክላ ወጣች። እልኸኝነቴን የወረስኩት ከማን ሆነና!

መስገጃው ሜዳ ላይ ሴቶቹ ኢድ ሙባረክ ሊሉን መጡ፤ መጥተው ቆሙ። ጎረቤታችን አፏን በእጇ ያዘች። "ማል ታቴ? ምን ነካሽ እቴ? እንዲህ አልቀሽ ነው?" ሌላዋ እጇን ይዛ ክንዷን ለካችው። ሌላዋ ወደ እኔ ዞራ "ልጅ እያለሽላት!" አለችኝ። እናቴ ለሁሉም "አልሃምዱሊላሂ፣ ደህና ነኝ" አለች፤ አንገቱን ወደ ቦታው እየመለሰች፣ እሱ መልሶ እየተንሸራተተ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ቆመች። አንገቷ ሥር አጥንቷ ወጥቶ አየሁት። ያን ያህል መሆኑን እኔም አላወቅሁም ነበር።

ቤት ስንገባ ቀሚሱን አወለቀችና እግሬ ሥር ጣለችው።

"ሰው መሀል አራቆትሽኝ" አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "እሺ። ደሴ እሄዳለሁ። አንቺ ግን አብረሽኝ አትሄጂም።"

ከጎረቤታችን ጋር ሄደች። እኔ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ቆሜ የሰማሁት በስልክ ነው፤ ስኳር ነው፣ በጣም ከፍ ብሏል፣ አስተኝተዋታል፤ ሐኪሙ እንዲህ ሆና ወር ሙሉ መጾሟን ሲሰማ አላመነም። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ብሏል አሉ። እንግዲህ ትክክል ነበርኩ። አንድም ሰው ግን ትክክል ነበርሽ አላለኝም፤ እሷማ ጭራሽ።

ዛሬ በየጠዋቱ የስኳር መርፌ ራሷን ትወጋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም እሄዳለሁ፤ ታበላኛለች፣ ትስቃለች፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ትጠይቀኛለች። ስኳሩ ስንት እንደሆነ ስጠይቃት "ደህና ነው" ትላለች። የሐኪሙን ወረቀት አታሳየኝም። ከከሚሴው ሰፊ ጋር ተቆራርጣለች፤ ለእኔ በመንገሩ አላናገረችውም። ልብሷን አሁን ሰንበቴ ገበያ ለሚሄድ ሰው ሰጥታ እዚያ ነው የምታሰፋው፤ ሰፊው ማን እንደሆነ ጠይቄያት አልነገረችኝም። ይህም ያናድደኛል። በር ላይ ስትቀበለኝ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አያታለሁ፤ ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ እጅጌዋን። ወፍራ ይሁን ከስታ መለየት አልችልም። ልብሷ ሁሌ ልኳ ነው።