ኩልል ያለው ውሃ

ባለቤቴ ጢሞቴዎስ ውሃ አላደፈረሰም። ይህን የምጽፈው በልቅሶው ድንኳን ውስጥ «ውሃ በማደፍረስ የተባረረው» ሲባል በጆሮዬ ስለሰማሁ ነው።

አገር ቤት ሆሳዕና አካባቢ የግብርና ሠራተኛ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገበሬውን አሲዳማ መሬት በኖራ ማከም ሲያስተምር ኖሯል። ጁባ ከመጣን በኋላ ነጭ ዓባይ ዳር ባለ የአትክልት እርሻ በደመወዝ ተቀጠረ። ቦታው ረግረግ ነበር። ባለቤቶቹ ረጅም ቦይ አስቆፍረው ሲያጠነፍፉት መሬቱ ደረቀ፤ ከቦዩ ጫፍም ጠጠሩ አንድ በአንድ የሚታይበት፣ ኩልል ያለ ውሃ ይወርድ ጀመር።

ጁባን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የእኛ ውሃ ከወንዝ በቦቴ ተቀድቶ የሚመጣ፣ መልኩ የጭቃ ነው። ሸብ የሚባለውን የውሃ ማጥሪያ ድንጋይ አዙረንበት እስኪጠልል እንጠብቃለን። እዚህ የጠራ ውሃ ማለት ንጹህ ውሃ ማለት ነው። ጢሞቴዎስም እንደ ማንም ሰው ተታለለ። አንድ ቀን ኮር ዊሊያም ሠፈር ወደሚገኘው ቤታችን አንድ ጀሪካን ተሸክሞ መጣ።

«ቤተል፣ ሸብ የማይፈልግ ውሃ አመጣሁልሽ» አለኝ።

ሻይ አፈላሁበት። ሻዩ እንደ ጽሕፈት ቀለም ጠቆረ። ወተት ብጨምርበት ተቆራርጦ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ።

«ወተቱ ሳይበላሽ አልቀረም» አለ።

«የዱቄት ወተት ነው፤ ቆርቆሮውን አሁን ነው የከፈትኩት። የተበላሸው ያንተ ውሃ ነው።»

ብርጭቆውን አሽትቶ አስቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ከሻንጣው ሥር የአሲድ መለኪያ ወረቀቱን አወጣ። ውሃው ውስጥ ሲነክረው ወረቀቱ ቀላ።

ረግረግ መሬት ውሃ እንደተኛበት ሲቆይ ሰላም ነው አለኝ። ሲደርቅና አየር ሲያገኘው ግን በውስጡ ያለው ድኝ ወደ አሲድ ይለወጣል። አሲዱ ከአፈሩ ብረት እያሟሟ በቦዩ ይወርዳል፤ የሚያጠራውም እሱው ነው። በዚያን ጊዜ ከእርሻው አጠገብ ያለው ሠፈር ሴቶች ከቦዩ ጫፍ እየቀዱ ያበስሉበት፣ ሕፃናት ያጥቡበት ነበር። ሕፃናቱ ዓይናችንን አቃጠለን እያሉ ያለቅሱ እንደነበር የሰማነው ኋላ ነው።

የእርሻው ኃላፊ አቶ ገብረየስ የአገራችን ሰው ነው። ጢሞቴዎስ ነገሩን ሲያስረዳው፣ «ለመሬቱ ከመጣው ኖራ ውሰድ፣ ብቻ ሥራ እንዳታስፈታን» ብሎ ፈቀደለት። ጢሞቴዎስ በቦዩ መንገድ ላይ ሁለት ጉድጓድ ቆፈረ። በመጀመሪያው ኖራ እየጨመረ ያማስላል፤ በሁለተኛው ውሃው ረግቶ ይጠልላል። ኖራው ሲገባ የሟሟው ብረት ተለይቶ ወጣና ውሃው ዝገት የመሰለ ጭቃ ሆነ። ኖራው ቆሻሻ አልጨመረም፤ የተደበቀውን ነው ያወጣው። ይህን ግን ለማን ትነግረዋለህ?

ምሳ ይዤ በሄድኩበት ቀን ማማ ኪዴን የምትባል የሠፈሩ ዓሣ ሻጭ ሴቶቹን አስከትላ መጥታ በጁባ ዐረብኛ ጮኸችበት።

«ያ ሐበሺ፣ ማሉ? ምን ሆነሃል? ሞዮ ነዲፍ ነበረ! ንጹሁን ውሃ ዝገት አደረግኸው!»

«ማማ ኪዴን፣ እኔን ካላመንሽ ዓሣሽን ጠይቂው።»

«የእኔ ዓሣ ካንተ የተሻለ ዐረብኛ ያውቃል» አለችው፤ ሴቶቹ ሳቁ።

ቢሆንም ከሳፋዋ በሕይወት ያሉ ሁለት ትንንሽ ቆሮሶ አወጣች። አንዱን ከላይ ከቦዩ በተቀዳው የጠራ ውሃ፣ ሌላውን ታክሞ በጠለለው ውስጥ ጨመረች። የመጀመሪያው አፉን እየከፈተ ወደ ላይ ወጣ፤ ስድቧን ሳትጨርስ በጎኑ ተኛ። ሁለተኛው ይዋኛል። ማማ ኪዴን ከላይ የቀዳችውን ጀሪካኗን አንሥታ መሬት ላይ ደፋችው።

«የታከመውም ለወንዙና ለመስኩ ነው እንጂ ለመጠጥ አይደለም» አላት ጢሞቴዎስ። ከዚያ ወዲያ የዚያ ሠፈር ሴቶች ከቦዩ አልቀዱም።

ሳምንት ሳይሞላ እንግዶች እርሻውን ሊጎበኙ ነው ተባለ። አቶ ገብረየስ ጉድጓዶቹን አይቶ ጮኸ።

«ይህን ዝገት ነው የምናሳያቸው?»

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ መሥራቱን የሚያሳየው ዝገቱ ነው።»

«ካሜራ ይህን አያውቅም!»

ጉድጓዶቹ በትራክተር ተደፈኑ። እንግዶቹ ቦዩ ጫፍ ቆመው እየሳቁ ፎቶ ተነሡ። ጢሞቴዎስ ጠጋ ብሎ በእንግሊዝኛ «አሲድ ነው፣ እጃችሁን አታግቡ» አላቸው። በዚያው ቀን ከሥራ ተባረረ። የተጻፈለት ምክንያት፣ ያለ ፈቃድ ውሃ አደፍርሷል የሚል ነው። የፈቀደለት ሰው የፈረመበት ወረቀት!

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ያለ ደመወዝ እየሄደ፣ አዲስ ለሚመጡ ተፈናቃዮች ከዚህ አትቅዱ ሲል ከረመ። በክረምቱ ወባ ያዘውና በአራተኛው ቀን አረፈ። የገደለው ወባ ነው፤ በዚህ ማንንም አልከስም።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን አቶ ገብረየስ ልቅሶ ደረሰና ወደ ጎን ጠራኝ።

«እህቴ፣ የኖራውን መጠን የጻፈበት ደብተር አንቺ ዘንድ ነው አሉ። ሪፖርት ላይ ውሃው በባለሙያ ይታከማል ብለን ስሙን ልናስገባው ነው። ለክብሩ ነው።»

«ጉድጓዶቹን ከፍታችኋል?»

«እሱ በሂደት ላይ ነው።»

«ክፈቷቸው። ኖራም አቅርቡ። ደብተሩን ራሴ ይዤ መጥቼ፣ ስንት ስንት እንደሚጨመር አነብላችኋለሁ።»

«አሁን ሐዘን ላይ ነሽ» አለኝና ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ይኸው አምስት ወር ሆነው፤ የከፈቱት ጉድጓድ የለም።