የማሰሮው ዝናብ

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ገብቶ ብዙ ሳይቆይ ነው ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት የተመደብኩት። ለአራተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ከሥልጠና የተመለስን መምህራን ሁሉ አፋችን ላይ "ተማሪ ተኮር" የሚል ቃል ነበር፤ ክፍል ስንገባ ግን ተማሪው ያው እኛ ያልነውን በዜማ ይደግማል።

የውሃ ዑደት ላይ ስደርስ ሰሌዳው ላይ ወንዝ፣ ፀሐይና ደመና ሳልኩ። ከወንዙ ወደ ደመናው የምትወጣ ቀስት፣ ከደመናው የምትወርድ ሌላ ቀስት። ልጆቹ "ውሃ ይተናል፣ ደመና ይሆናል፣ ይዘንባል" እያሉ ቆርቆሮው እስኪነቃነቅ ጮኹ። ደስ አለኝ። በማግስቱ "ትነት ምንድን ነው?" ብዬ ስጠይቅ አንዱ ጎበዝ ተነሥቶ "ወደ ላይ የምትሄድ ቀስት ናት" አለኝ። ሌሎቹም ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኼ ነው። እኔ ቶሎ ንድድ የምል ሰው ነኝ፤ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። የተናደድኩት በልጁ አልነበረም። እሱማ ያሳየሁትን ነው መልሶ የነገረኝ።

ቅዳሜ ወልድያ እናቴ ቤት ሄድኩ። እናቴ አረቄ አውጥታ የምትሸጥ ሴት ናት፤ እኔንም ያስተማረችኝ በዚሁ ነው። ጓዳ ቁጭ ብዬ ስታወጣ አያታለሁ። ድፍድፉ ማሰሮው ውስጥ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በሸምበቆ ያልፋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ጋ ሲደርስ ጠብ ጠብ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነገር ነው፤ የዚያን ቀን ግን ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ዝናብ እኮ ነው። አዲስ ሸምበቆ ቆርጣ እንድትሰጠኝ ስለምናት ሳቀችብኝ። "አረቄ እየሸጥኩ አስተማሪ ያደረግኩሽ ተመልሰሽ አረቄ አውጪ ልትሆኚ ነው?" አለች።

አረቄ የነካውን ዕቃ ይዤ ትምህርት ቤት እንደማልገባ ግን አውቅ ነበር፤ ተማሪዎቼ አብዛኞቹ የሙስሊም ልጆች ናቸው። ከመርሳ ገበያ ምንም ያልነካው ማሰሮ ገዛሁ። ልጆቹ ከወንዝ ድፍርስ ውሃ በባልዲ ቀድተው መጡ። ክፍል ውስጥ ጭሱ ስለማያስቀምጠን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ጉልቻ ጎለትን፣ የማሰሮውን አፍ በሊጥ መረግን፣ እሳት አነደድን። ጠብታው እንዲታያቸው መቀበያውን ብርጭቆ አደረግኩት፤ ሸምበቆውንም በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩት።

ስለ ዕቃው አስቤ ነበር፤ ስለ መንገደኛው ግን አላሰብኩም። አጥራችን ቁጥቋጦ ነው፤ በዚያ የሚያልፍ ሰው ማሰሮና ሸምበቆ ሲያይ ሌላ ምን ሊመስለው ይችላል? ወሬው ከእኛ ውሃ በፊት ፈላ። ገና አንድ ጠብታ ሳናይ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ መንደሩ ሁሉ የሚሰማቸው ሐጂ፣ ሽማግሌዎች አስከትለው በበሩ ገቡ። ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው ወጥቶ እኔን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

"አስተማሪዋ፣" አሉ ሐጂ ሳይጮሁ፣ "ለልጆቻችን አረቄ ማውጣት እያስተማርሽ ነው አሉኝ። እውነት ከሆነ ከነገ ጀምሮ ከመንደራችን አንድ ልጅ እዚህ አይመጣም።"

ሐጂ ካሉ አለቀ። በተለይ ሴቶቹ አንዴ ከወጡ አይመለሱም፤ ስንቶቹን ቤት ለቤት ዞሬ ለምኜ ነው ያስመዘገብኳቸው። "ሐጂ፣ ይቀመጡ፤ ውሃ ነው" አልኳቸው። ማሰሮውን አዩ፣ ሸምበቆውን አዩ፤ አላመኑኝም።

ያኔ የሐጂ የልጅ ልጅ ተነሣች። ክፍል ውስጥ ስሟን ስጠራ እንኳ አንገቷን የምትደፋ ልጅ ናት።

"አባባ፣ አይቆጡ፤ ዝናብ እየሠራን ነው" አለች። በጣቷ እያሳየች ቀጠለች። "ይሄ ወንዙ ነው። እሳቱ ፀሐይ ነው። ውሃው ሲሞቅ ይተናል፤ አናየውም እንጂ አሁን በሸምበቆው እየሄደ ነው። እዚያ ጫፍ ሲበርደው ተመልሶ ውሃ ይሆናል።" ከዚያ ቆም ብላ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው ቀና አለች። "ለዚህ ነዋ ደመናው ሁልጊዜ ደጋው ላይ የሚሰበሰበው። እዚያ ይበርዳል።"

ይህን የመጨረሻውን እኔ አላስተማርኳትም፤ ራሷ አሰበችው። ከደስታዬ የተነሣ ሐጂ ፊቴ ቆመው ሳለ ፍርሃቴን ረሳሁት።

ሸምበቆው ጫፍ ላይ ጠብታ ታየ። ጠብ አለ፤ ደገመ። ሐጂ ብርጭቆውን አንሥተው አሸተቱ፣ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ባልዲው ውስጥ የቀረውን ድፍርስ ውሃ አዩና "ጭቃውስ የት ሄደ?" አሉ።

"ጭቃ አይተንም፣ አባባ።"

"ሱብሃነላህ" አሉ ቀስ ብለው። "ዕድሜዬን ሙሉ ዝናብ ስለምን ኖሬ፣ አላህ እንዴት አድርጎ እንደሚያወርደው የምታሳየኝ ይቺ ትሁን?" ወዲያው ወሬውን ወዳመጣላቸው ሽማግሌ ዞረው ብርጭቆውን ሰጧቸው። "በል እንግዲህ፣ ጠጣና ስከር" አሏቸው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅኩ፤ ርዕሰ መምህሩም ሳቀ። ሐጂ ግን አልጨረሱም፤ እሳቱ እንዲጨመር አዘዙና ብርጭቆው እስኪሞላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አዩ። የዚያን ዕለት እየዘፈንኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

በማግስቱ ጠዋት ተመልሰው መጡ። ከኋላቸው በቁመት ተማሪዎቼን ሁሉ የምትበልጥ ልጅ ተከትላቸዋለች፤ የዚያችኛዋ ታላቅ እኅት ናት። ሦስተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ከትምህርት ያስቀሯት፣ ለቤቱ ውሃ የምትቀዳ እሷ ስለሆነች ነው። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ብለምናቸው አልሰሙኝም ነበር።

"ይቺንም አስተምሪልኝ" አሉ።

"ውሃውስ፣ ሐጂ?" አልኳቸው፣ አላስችል ብሎኝ።

"ውሃውን አህያ ይሸከመዋል" አሉና ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ታናሿ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።