ጋቢ ያላሞቃት ዘንዶ

ባሌ ዘንዶ ነበረው። ይህን ስናገር ሰው ቀልድ ይመስለዋል፤ በቤቴ ባይሆን ለእኔም ቀልድ ነበር። ጋምቤላ ከተማ ሳለን፣ ባሮ ሞልቶ የጎደለ ጊዜ ዳር ላይ ከጭቃ ያነሳት ጩጬ ናት፤ እያደር ከክንዴ ወፈረች። የሳንቃ ሳጥን ሠርቶ፣ ፊቱን በወንፊት ሽቦ ዘግቶ በረንዳ ላይ አኖራት። እኔ መምህርት ነኝ፣ የደጋ ሰው፤ እባብ ሔዋንን ምን እንዳደረጋት እየሰማሁ ያደግሁ። "ወይ እሷ ወይ እኔ" ብዬው ነበር። "ሁለታችሁም" አለኝ።

እሱ የዚያው የጋምቤላ ልጅ ነው፤ አማርኛ የለመደው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ሲደክመው እኔን "አንተ" ይለኛል። ዘንዶዋን ግን አንድም ቀን ተሳስቶ "እሱ" ብሏት አያውቅም። እውነቴን ነው፣ ይኼ ያናድደኝ ነበር።

ልቡን ሲያመው ሐኪሙ "ሙቀቱ አይስማማህም፤ ቀዝቀዝ ያለ አገር ሂድ" አለው። ዝውውር ጠይቄ ከጋምቤላ ከተማ ቀዝቀዝ ወደምትለው ወደ መቲ ገባን። ለእሱ የታዘዘው ብርድ ለእሷ መርዝ ሆነ። ጋምቤላ ሳለን የቆርቆሮው ግለት ብቻ ይበቃት የነበረችው፣ የመቲ ጉምና ዝናብ ሲመጣ ተጠቅልላ ቀረች፤ ዶሮ ቢያቀርቡላት ዘወር ብላ አታይም። እሱ ደግሞ አልጋው ላይ ሆኖ፣ ክፍሉ ያስገባንለትን ሳጥኗን ሲያይ ይውላል። እሷ ካልበላች እሱም አይበላም። እንግዲህ ምን ላድርግ? እሱን ለማትረፍ እሷን ማሞቅ የእኔ ሥራ ሆነ።

መጀመሪያ ጋቢዬን አጥፌ አለበስኳት። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም።

"ተው አንተ፣ ጋቢ እሳት አለው እንዴ?" አለኝ። "ጋቢ የሰውየውን ሙቀት ነው የሚይዘው። እሷ የራሷ የላትም፤ ምኑን ይይዛል?"

የደጋ ልጅ ሆኜ ስለ ጋቢ ከቆላ ሰው ተማርኩ።

አምፖል ሰቀልኩላት፤ መብራቱ ግን ከሚመጣበት የሚጠፋበት ይበልጣል። ስለዚህ ውሃ አፍልቼ በትንሽ ጀሪካን እሞላና፣ እንዳያቃጥላት በፎጣ ጠቅልዬ ጎኗ አስቀምጣለሁ። ሲቀዘቅዝ እንደገና። በዕረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ እመጣለሁ። ጎረቤቶቼ ውሃው በሽተኛ የማጥብበት ይመስላቸዋል፤ "እግዜር ብርታቱን ይስጥሽ" ይሉኛል። ጀሪካኑን ተጠግታ ትንሽ ፈታ ስትል እሱም አንድ ሁለት ጉርሻ ይቀበለኛል። እሷ ግን አልበላችም። እሱም ከዚያ ጉርሻ አላለፈም። ተስፋ እንደሌለን ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንነጋገርበትም እንጂ። እኔም ውሃ ማፍላቱን አላቆምኩም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ገብቼ እግሩን ብነካው፣ ከቅዝቃዜው የሳጥኑን ሽቦ የነካሁ መሰለኝ። ጋቢ ደረብኩለት። አልሞቀም። ሌላ ደረብኩ። ያኔ ስለ ጋቢ የነገረኝ ትዝ አለኝ። ውሃ አፍልቼ ጀሪካኑን ሞላሁና፣ ሳጥኑን አልፌ እሱ እግር ሥር አደረግሁት።

"ለእሷ መልስላት" አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"አልመልስም" አልኩት። "ዛሬስ ለአንተ ነው።"

ነፍሱ ስትወጣ ጀሪካኑ ገና ትኩስ ነበር። ፎጣውን አስተካክዬ ለእሷ መለስኩላት።