ልብስ የሚደረብበት ወር

ሷሊህን ፈሪ ያሉት አያውቁትም። በጣሊያን ዘመን መተማ ላይ የጃፓን አቡጀዲ ይሸጥ ነበር። ከጣቃው ጋር የመጣ ባለ ሥዕል የቀን መቁጠሪያም ሱቁ ውስጥ ሰቅሏል። የጣሊያን ወታደሮች ለአሰሳ ሲሰናዱ የካቲትን ይገልጣል፤ በረዶ የተሣለበትን፣ ጃፓኖች በጥንት ስሙ «ልብስ የሚደረብበት ወር» የሚሉትን። አህያ ነጂው ውባንተ ያንን አይቶ ወሬውን ለአርበኞች ያደርሳል።

አንድ ሚያዝያ የወታደሮቹ መኮንን ድንገት ገብቶ ሥዕሉ ላይ አፈጠጠ።

«በዚህ ሐሩር በረዶ?» አለ በአስተርጓሚው።

«ልብስ ሻጭ ብርድ ይናፍቃል፣ ጌታዬ።»

መኮንኑ ሳቀና ሥዕሉን ገንጥሎ ሄደ። ውባንተ ገና አልመጣም።

ሷሊህ አራት አቡጀዲ ደራርቦ ለብሶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ላቡ ይንጠፈጠፋል። ገበያተኛው ሙቀቱ ናላውን አዞረው ብሎ ሳቀበት። ውባንተ ሲደርስ ግን አልሳቀም፤ አህያውን አዙሮ በመጣበት ተመለሰ።